ቆሻሻው ባለቤት ነበረው፦ የአንድ ገጠር መንገድ የጉዳይ ጥናት

መንገድ ዳር የተደፋ ቆሻሻ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው “ማን ጣለው?” ብለን ነው። እዚህ የምጽፈው ጉዳይ ነዋሪዎች ሌላ ጥያቄ ሲጠይቁ ነገሩ እንዴት እንደተለወጠ ያሳያል። ተመዝግቦ ይቆይ ያልኩትም ለዚህ ነው። የሰዎቹንም የቦታውንም ስም አልጠቅስም። ከመካከላቸው ቅጣቱን ከፍሎ ዛሬ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ሰው አለና ስሙ እየተነሳ እንዲኖር አልፈልግም።

ቦታው

መንገዱ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ እርሻ የሚገባ የጠጠር መንገድ ነው። ጠባብ ስለሆነ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ዳር ይዞ ይቆማል። በአንድ በኩል ማሳ፣ በሌላው በኩል ቁጥቋጦ ነው። ከቁጥቋጦው ወዲያ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ እንዳሉ መንገዱ ይታጠፍና ሰፋ ያለ ሜዳ ይገኛል። ድሮ መንገዱ ሲሠራ ጠጠር ይራገፍበት ነበር።

ይህን ሜዳ ልብ በሉልኝ። ቆሻሻ መድፋት የሚፈልግ ሰው የሚመኘው ሁሉ አለው። ለአስፋልቱ ቅርብ ቢሆንም ከአስፋልቱ አይታይም። መኪና ያዞራል። ማታ ዝር የሚል ሰው የለም። በመኪና ብዙም የማይርቅ ከተማ ደግሞ አለ። ከተማው እየሰፋ ነው፤ በየሰፈሩ ቤት ይፈርሳል፣ ቤት ይታደሳል። የሚፈርሰው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

በትንሽ ነገር ነው የጀመረው። አላፊ አግዳሚው ከመኪና መስኮት የውኃ ፕላስቲክ፣ ሶፍትና የብስኩት ወረቀት ይወረውር ነበር። አንድ ቀን ሜዳው ላይ የሴራሚክ ስብርባሪ ተደፍቶ ተገኘ። ማንም አላነሳውም። ቀጥሎ ፍራሽ መጣ። ከዚያ ጎማ፣ የተሰበረ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ በፌስታል የታሰረ ዳይፐር። አንድ ዓመት ሳይሞላ የመንገዱ ግማሽ ተያዘ።

ይህ አካሄድ የታወቀ ነው። በኔዘርላንድ ግሮኒንገን ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች የቆሙ ብስክሌቶች መሪ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት አሰሩ። በአካባቢው የቆሻሻ ቅርጫት አልነበረም። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት ላይ የጣሉት ከ100 ሰው 33 ነበሩ። ያው ግድግዳ “መጻፍ ክልክል ነው” እየተባለ በጽሑፍ ሲዝረከረክ ግን የጣሉት 69 ደረሱ። ሰው የሚያየው ነገር “እዚህ ሕግ የለም” ካለው፣ ራሱም ሕጉን ይተዋል። የሜዳችን የመጀመሪያ የሴራሚክ ክምር ያስተላለፈው መልእክትም ይኸው ነው።

ጉዳቱ

ከተማ ያለ ሰው የመንገድ ዳር ቆሻሻን እንደ ዓይን ማስጠላት ብቻ ነው የሚያየው። መንገዱ ዳር የሚኖሩት ግን በኑሯቸው ነው የከፈሉት።

በዕድሜ የገፉ አንድ ገበሬ ጥሩ የምትታለብ ላም ነበረቻቸው። መብላት አቆመች፣ ከሳች፣ ግራ ጎኗ ተነፋ። የእንስሳት ሐኪም ሲደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። ከሞተች በኋላ ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ ያወጣው ነገር ከሰው ጭንቅላት ይበልጣል። ፌስታል በፌስታል ላይ ተጠቅልሎ፣ የጆንያ ክርና የናይለን ገመድ ተጠላልፎበት፣ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሐኪሙ አብራራላቸው። ከብት ፍየል እንደምታደርገው በከንፈሯ መርጣ አትበላም፤ በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች። ፕላስቲኩ አይፈጭም፣ ወደ ታችም አያልፍም። ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ እየተከማቸ ለሣር ቦታ ያሳጣታል። ገበሬው “ልጄ፣ ይቺን ላም የማያውቃት ሰው ነው የገደላት” አሉት።

ሁለተኛው ጉዳት በክረምት መጣ። ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ በፍራሽና በፌስታል ተደፈነ። አንድ ሌሊት የዘነበው ዝናብ መውጫ ሲያጣ መንገዱን ቆርጦት አለፈ። ቱቦውን አስወጥቶ መንገዱን እንደገና መሙላት፣ ቆሻሻውን በጊዜው ከማንሳት እጅግ የሚበልጥ ወጪ ጠየቀ።

ጎማዎቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የተጣለ ጎማ እንዴትም ቢቀመጥ ዝናብ ይይዛል። ጥላ ያለውና የማይፈስ ውኃ ለትንኝ እጭ ምቹ ነው። የእስያ ነብር ትንኝ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሂዩስተን ተራብቶ ሲገኝ፣ መግቢያው ከእስያ በመርከብ የመጡ አሮጌ ጎማዎች እንደነበሩ ነው የታመነው። ይህ ትንኝ ደንጊና ቺኩንጉንያን ያስተላልፋል። ሜዳው ላይ ያሉት ጎማዎች ውስጥም እጭ ሲዋኝ በዓይን ይታይ ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

ነዋሪዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት አስተባብረው ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔም ጉዳዩን የተከታተልኩት ከኮሚቴው ጋር ሆኜ ነው።

ኮሚቴው ገና ሳይደራጅ አንዳንድ ወጣቶች ክምሩን በእሳት ሊገላገሉት ሞከሩ። ጎማው ተያያዘ። ጥቁር ጭሱ መንደሩን ሸፈነው። ጎማ አንዴ ከተያያዘ በባልዲ ውኃ የሚጠፋ እሳት አይደለም፤ ሲቃጠልም ዘይት ያወጣል፣ ዘይቱም ቁልቁል ወደ ወንዙ ፈሰሰ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ዳይኦክሲንን የመሳሰሉ መርዞችን ያመነጫል። አመዱ ቦታው ላይ ቀረ፤ ብረቱና ሴራሚኩም እንዳለ ነበር። ይህንን የማነሳው ወጣቶቹን ለመውቀስ አይደለም። ማንም ሳያግዛቸው የተናደዱ ልጆች ናቸው። ግን ማቃጠል በጭራሽ መፍትሔ አይደለም።

ቀጥሎ ትልቅ የጽዳት ዘመቻ ተደረገ። ብዙ ሰው ወጣ፣ ሜዳው ንጹሕ ሆነ፣ ፎቶ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ክምር ተደፋ። ከዘመቻው በኋላ ቦታውን በየቀኑ የሚያይ ሰው አልተመደበም ነበር።

ከዚያ ማስታወቂያ ተሰቀለ። “ብዙ ሰዎች ይህንን መንገድ የቆሻሻ መጣያ አድርገውታል! እባካችሁ አትጣሉ!” ይላል። ንዴቱ ይገባኛል፤ ጽሑፉ ግን ጎጂ ነበር። በአሜሪካ አሪዞና ፔትሪፋይድ ፎረስት በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ተመሳሳይ ነገር ተፈትኗል። ጎብኚዎች ወደ ድንጋይነት የተቀየረ የእንጨት ስብርባሪ ይሰርቁ ነበር። “ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ነው” የሚል ምልክት በተተከለበት ሙከራ፣ ለናሙና ከተቀመጠው ስብርባሪ 7.92 በመቶ ተሰረቀ። በቀላሉ “እባክዎ አይውሰዱ” በሚለው ግን 1.67 በመቶ ብቻ። “ሁሉም ያደርገዋል” ብለህ ከጻፍክ፣ አንባቢው “እኔም ብጨምር ምን አለበት” ይላል።

ካሜራም ተተክሎ ነበር። ማታ የመኪናው መብራት ምስሉን ያጠፋዋል፤ ታርጋ በጭቃ ይሸፈናል። የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም።

ሜዳው በአፈር ክምር ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። ቆሻሻው ራቅ ብሎ ቱቦው አጠገብ መደፋት ጀመረ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። በእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የብስክሌት ሌብነት በሚበዛባቸው ቦታዎች የዓይን ፎቶ ያለበት ምልክት ሰቅለው እንዲህ ያለ ነገር አይተዋል። ምልክቱ ባለበት ስርቆት 62 በመቶ ቀነሰ፤ በሌለበት ደግሞ 65 በመቶ ጨመረ። አንድ ቦታ ላይ የተገኘ ድል ሌላ ቦታ የተላከ ችግር ሊሆን ይችላል።

ደረሰኙ

ነገሩን የለወጠው አንድ ጆንያ ነው። መምህርቷ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግረው አዲስ ክምር ሲገኝ ማንም ሳይነካው ፎቶ እንዲነሳ፣ ከዚያ የጤና ባለሙያ በወፍራም ጓንት እንዲፈትሸው አስወሰኑ። ከዚህ ቀደም ሰው እየመጣ ይገለብጠው ስለነበር ማስረጃ ቢኖርም ይጠፋ ነበር።

በአንድ ክምር ውስጥ የተፈነቃቀለ የኩሽና ካቢኔት፣ የሴራሚክ ስብርባሪና የሲሚንቶ ጆንያ ነበር። ከጆንያው ሥር የራሰ ወረቀት ወጣ። የሴራሚክ መግዣ ደረሰኝ ነው። ቀለሙ ፈዟል፤ ዕቃው የሚደርስበት አድራሻ ግን ይነበባል።

ባለሙያውና መምህርቷ አድራሻው ጋ ሄዱ። በሩን የከፈቱት የቤቱ እመቤት ፎቶውን ሲያዩ ደነገጡ። “ይሄ የኔ ካቢኔት ነው! እኔ እኮ ከፍዬ ነው ያስወሰድኩት” አሉ። ውሸት አልነበረም። ቤታቸውን ሲያሳድሱ ፒካፕ ያለው ልጅ ፈልገው፣ ዋጋ ተደራድረው፣ ጭኖ ወስዶላቸዋል። ወዴት እንደሚወስደው አልጠየቁም። ደረሰኝ አልተቀበሉም። ስልኩ ብቻ ነበራቸው። ገንዘቡን ሲከፍሉ ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸዋል።

ሹፌሩ ሲጠራ መጣ። መጀመሪያ ካደ፣ ከዚያ አመነ። የእሱ ማብራሪያ ለእኔ የዚህ ጉዳይ አንኳር ነው። ሕጋዊው ማስወገጃ ጣቢያ ጭነቱን መዝኖ ያስከፍላል። ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ሰው ደግሞ ቤቱን የሚያጸዳው ከሥራ በኋላ ነው። ደንበኞች ዋጋ ሲከራከሩ የሚጨርሱበት ሒሳብ ብዙ ጊዜ ጣቢያው ከሚጠይቀው ክፍያ ያነሰ ነው። “እማማ፣ በዚያ ዋጋ ጣቢያ ብወስደው ከኪሴ ልጨምር ነው” አላቸው መምህርቷን።

ነገሩን ልብ ብላችሁ አስቡት። የማጓጓዣው ዋጋ ከማስወገጃው ክፍያ ካነሰ፣ ቆሻሻው ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳይጫን ተወስኗል። ሹፌሩ ጥፋተኛ ነው፤ ተቀጥቷልም። ግን እሱን ብቻ ብናስወግደው በማግስቱ ያንኑ ዋጋ የሚቀበል ሌላ ፒካፕ ይመጣል።

አንዳንድ አገሮች ይህንን በሕግ ይዘውታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቆሻሻ የሚያስረክብ ድርጅት ተረካቢው ፈቃድ ያለው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ግዴታው ወደ መኖሪያ ቤቶች ተዘረጋ። ቆሻሻው ከግቢህ ስለወጣ ብቻ ከእጅህ አልወጣም ማለት ነው።

አዲሱ አካሄድ

ኮሚቴው ከዚያ በኋላ “ማን ጣለው?” የሚለውን ትቶ “ከማን ቤት ወጣ? ማን ተረከበው? በስንት?” ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሹፌሩን ፌስቡክ ላይ አውጥተን እናዋርደው ያሉ ነበሩ። መምህርቷ አልተስማሙም። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የተዋረደ ሰው ይሸሻል፤ ይህ ሰው ግን የሚደፋባቸውን ሌሎች ቦታዎችና ሰዓቶች አንድ በአንድ ነገራቸው።

አስተዳደሩ ከእድሳት ፈቃድ ጋር አንድ ቅጽ ጨመረ። ባለቤቱ ፍርስራሹ የት እንደሚሄድ ይጽፋል፣ ሥራው ሲያልቅ ከጣቢያው የተሰጠውን የሚዛን ደረሰኝ ያሳያል። ጭነት የሚያመላልሱ ፒካፖች በነፃ እንዲመዘገቡ ተደረገ፤ ዝርዝሩ ፈቃድ በሚሰጥበት መስኮት ላይ ተለጠፈ። መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዱ ያው ሹፌር ነው። የተመዘገበ ሰው ሥራ ስለሚያገኝ ሌሎቹም ተከተሉ። ጣቢያው በሳምንት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት አምሽቶ እንዲከፈት ተስማማ። ይህ የመጨረሻው ቀላል አልነበረም፤ የሠራተኛ ፈረቃ ጥያቄ አስነስቶ ብዙ ተጎትቷል።

ሜዳው ላይ የተሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ሜዳው ከአስፋልቱ እንዲታይ ሆነ። ቦታው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ፣ መኪና የሚያዞር ያህል ቀርቶ ሌላው በትላልቅ ድንጋዮች ታጠረ። ማስታወቂያውም ተቀየረ፦ “ይህንን መንገድ ነዋሪዎቹ ይጠብቁታል። ቆሻሻ ሲደፋ ካያችሁ በዚህ ቁጥር ደውሉ።” ስልኩ የሚነሳ ስልክ ነው። አዲስ ክምር ሪፖርት ከተደረገ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይነሳል። የመጀመሪያው ክምር ሁለተኛውን እንዳይጠራ ማለት ነው።

ለሚያጸዱት ሰዎችም ሥርዓት ወጣላቸው። ፌስታል በእጅ አይጨመቅም፣ በእግር አይረገጥም፤ መርፌ ሊኖርበት ይችላል። ምንነቱ ያልታወቀ ጄሪካን አይከፈትም፣ አይሸተትም። አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመስል የሲሚንቶ ሉህ ከተገኘ አይሰበርም፤ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አቧራው ሳንባ ይጎዳል። የመኪና ባትሪ ለብቻው ይቀመጣል።

ምን ተገኘ፣ ምን ቀረ

የፍርስራሽ ክምሩ በግልጽ ቀንሷል። አልፎ አልፎ የሚደፋ አለ፤ ግን ሳይከመር ይነሳል። ቱቦው በቀጣዩ ክረምት አልተደፈነም። እኔ ከሁሉም በላይ የሠራው ብዬ የማምነው የእድሳት ቅጹ ነው። ቆሻሻውን ገና ከቤት ሳይወጣ ያዘው።

ከመኪና መስኮት የሚወረወረው ግን አልቀነሰም ማለት ይቻላል። ለእሱ ሲባል መታጠፊያው ላይ ትልቅ የቆሻሻ በርሜል ተቀምጦ ነበር። ሰዎች የቤት ቆሻሻቸውን ከሩቅ እያመጡ በርሜሉ ሥር መቆለል ሲጀምሩ ተነሳ። በየቀኑ የሚያነሳው ሰው የሌለው በርሜል መጣያ ቦታ ያመለክታል እንጂ ቆሻሻ አይቀንስም።

ሌላ ገንጣይ መንገድ ላይም አዲስ ክምር ታይቷል። ሹፌሩ የጠቆማቸውን ቦታዎች ኮሚቴው ይከታተል ስለነበር ቶሎ ተደረሰበት። ይህ ክትትል ባይኖር ኖሮ የራሳችንን መንገድ አጽድተን ጎረቤት ላይ ደፍተን ነበር።

ገበሬው ለሞተችባቸው ላም ካሳ አላገኙም። ያቺን ላም የገደላትን ፌስታል ከአንድ ሰው ጋር ማያያዝ አይቻልም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሌላ ቦታ ለሚሞክሩ

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገር ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ከጽዳት ዘመቻ በፊት፣ ካጸዳችሁ በኋላ በማግስቱ ማን እንደሚያይ ወስኑ። ሰው ካልተገኘ ዘመቻውን አቆዩት፤ የሰው ጉልበትም ተስፋም ያባክናል። ቦታውን ስትመረምሩ ራሳችሁን በሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጡ፦ የት ይቆማል፣ የት ያዞራል፣ ማን ያየዋል፣ ሕጋዊው ጣቢያ በዚያ ሰዓት ክፍት ነው? ከመቆጣታችሁ በፊት የጣቢያውን የክፍያ ሰሌዳና የመዝጊያ ሰዓት አንብቡ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ክምሩን አትገልብጡት። ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ሰዓት መዝግቡ፣ ሥልጣን ላለው አካል አስረክቡ። አድራሻ ያለበት ወረቀት ያገኘ ሰው ራሱ ሄዶ ቤት ቢያንኳኳ ጠብ ይነሳል፤ ማስረጃውም ዋጋ ያጣል። ደግሞ ወረቀቱ የሚያሳየው ቆሻሻው ከየት እንደወጣ እንጂ ማን እንደደፋው አይደለም። እመቤቲቱን ወንጀለኛ ናቸው ብለው ቢነሱ ኖሮ የሹፌሩን ስልክ አያገኙም ነበር።

ቤቱን የሚያድስ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ወዴት ትወስደዋለህ? ተመዝግበሃል? የሚዛን ደረሰኙን ታመጣልኛለህ? የቀረውን ክፍያ ደረሰኙ ሲመጣ መስጠት ይቻላል። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ከረከሰ ደግሞ አራተኛ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ጎማዎቹ አሁንም አልተፈቱም። ጣቢያው አይቀበላቸውም፤ ጎማ የሚቀይሩ ጋራዦችም አሮጌውን መልሰው የመውሰድ ግዴታ የለባቸውም። ኮሚቴው አሁን እየተነጋገረ ያለው ከጋራዦቹ ጋር ነው። አዲስ ጎማ የሚገዛ ሰው አሮጌውን እዚያው እንዲተው፣ ጋራዦቹም ተሰብስበው በአንድ መኪና እንዲያስወስዱት ሐሳብ ቀርቧል። እስከዚያ ግን የተገኘው ጎማ ሁሉ ውኃ እንዳይዝ ጎኑ እየተበሳ ጣሪያ ሥር ይቀመጣል።